መቶ አለቃ ድመትን ማሞቅ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬ አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ አካውንት ገዛሁ። ስድስት ዓመት የተለፋበት ነው። ባለቤቱ በጨዋታው ውስጥ ራሱን «መቶ አለቃ ድመት» ብሎ ሰይሟል፤ ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ የድመት ጆሮ ያለው ወታደር ነው። ዋጋው ግን ያለው በእጁ በያዘው ፋኖስ ላይ ነው። ፋኖሱ የታደለው ጨዋታው በተከፈተበት ዓመት ብቻ ነው፤ ዛሬ በምንም ብርታት አይገኝም፣ ከያዘውም ሰው አይነጠልም። ፋኖሱን የፈለገ ድመቱን ጭምር መግዛት አለበት።

ሻጩ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከስልክ ጠጋኙ ሱቅ ጀርባ ተገናኘን። በዋጋው አልተከራከረኝም። ጋዜጣችን ተዘግቶ ወደዚህ ሥራ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያልተከራከረ ሻጭ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። «ሥራ በዛብኝ፣ ትቼዋለሁ» አለኝ። ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ተሰነባብተን ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ስሙን ትቀይሩታላችሁ አይደል?»

«እንቀይረዋለን።»

«መቼ?»

«ሲደርስ።»

ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም። ዘጋቢ ብሆን ኖሮ እጠይቅ ነበር። እኔ አራሚ ነበርኩ፤ አራሚ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ለማሞቅ ተዘጋጀሁ። የጨዋታው ባለቤቶች አካውንት መሸጥ ይከለክላሉ፤ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ካዩ ያግዱታል። ስለዚህ የገዛ ሰው ስድስት ሳምንት ያሞቀዋል። የቀድሞው ባለቤት በሚገባበት ሰዓት ይገባል፣ በሚቆምበት ይቆማል፣ ሰላም ላለው ሁሉ እሱ ይመልስ እንደነበረው ይመልሳል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ለዚህ ይሰንፋሉ። የእኔ አካውንት ታግዶ አያውቅም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ የሰው ዓረፍተ ነገር ማቃናት ነበር፤ ድምፁ ግን የጸሐፊው እንደሆነ መቅረት ነበረበት።

የድመቱን የቆየ ንግግር አትሜ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ አነበብኩ። ነጥብ አያደርግም። ሲስቅ አንድ «ኪ» ብቻ ይጽፋል። ነገሩን ሁሉ «በቃ» ብሎ ይዘጋል። ለጀማሪዎች ዕቃ በነጻ ያድላል። ዘወትር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበረዶው ሰፈር ድልድይ ላይ ነው። በዚህ ጨዋታ የወጣ ሰው አካሉ አይጠፋም፤ ባለበት ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ድመቱም እዚያው ድልድይ ላይ ዓይኑን እንደጨፈነ አገኘሁት።

የመጨረሻው ንግግሩ ከተጻፈ ስምንት ወር አልፎታል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ጠዋት ገባሁ። አንድ የድሮ ጓደኛው አየኝ።

«አንተ ሰውዬ! በሕይወት አለህ እንዴ?»

«አለሁ በቃ» አልኩ።

«መሬት የዋጠህ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«ኪ» አልኩ።

አልጠረጠረም።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። ድልድዩ ላይ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሟል። ስሙ «ጀማሪ 4471»፤ ጨዋታው የሚሰጠውን ስም እንኳ አልቀየረም። ያው ግራጫው የጀማሪ ልብስ። ከእኔ ቀድሞ የመጣ ይመስለኛል። ድመቱ ዓይኑን ሲገልጥ ጀማሪው አልተንቀሳቀሰም። ሁለት እርምጃ ስራመድ ግን ወጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ጀማሪው ዛሬም አለ። አሥር ደቂቃ ያህል አጠገቤ ቆመ። ከዚያ፦

«አንተ ነህ»

የጥያቄ ምልክት የለውም።

«እኔ ነኝ በቃ» አልኩ። ድሮ ዕቃ የሰጠው ጀማሪ ይሆናል። ደግሞም በማሞቅ ሕግ የተናገረ ሰው መልስ ሳያገኝ አይሄድም።

ሌላ ምንም አላለኝም። አልወጣምም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሻንጣ ደወለ። ገዢ የሚያመጣልኝ ደላላ ነው፤ ሁልጊዜ ሊሄድ የተነሣ ስለሚመስል ሻንጣ እንለዋለን።

«ጋሼ፣ ገዢ አለ። የሚፈልገው ፋኖሱን ብቻ ነው፤ ድመቱን ልብሱን ገፎ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ሌላ ሰው ነው የሚያደርገው።»

«ቀስ በል፤ ገና አልሞቀም።»

«እርስዎ እኮ አካውንት አያሞቁም፣ ይቀቅላሉ!»

ሳቅኩ። ለታኅሣሥ 15 ተቀጣጠርን።

ጀማሪው ሁለት ቀን ጠፍቶ ዛሬ መጣ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው፤ አንዱ ፊደል እስኪወጣ ሌላውን ትረሳለህ።

«በላህ ወይ»

«በልቻለሁ» አልኩ።

«እዛ ብርድ የለም ወይ»

የቆምነው በረዶ ላይ ስለሆነ ስለ በረዶው መሰለኝ። «ካፖርት አለኝ በቃ» አልኩ።

«ተመስገን» አለ።

አለች ማለት ይሻላል መሰለኝ። ሴት ናት። እንዴት እንዳወቅኩ እንጃ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እትዬ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እሷ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ በጓዳው በኩል ነኝ። በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ደንበኛ።»

«ደንበኛ ‹እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ› ብሎ ይጠይቃል?»

«የዘንድሮ ደንበኛ እንዲህ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው ኪስ ውስጥ እጅህን ከተሃል።»

እሷ የተለበሰ ኮት አስተካክዪ ተብላ ሲመጣላት መጀመሪያ ኪሱን ትፈትሻለች። ደብዳቤ ካገኘች ባለቤቱ ካልተገኘ መቀስ አታነሣም። ስንት ሥራ በዚህ አመለጣት። ይህን ባስታውሳት፣ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ፣ «እማማ ‹በላህ ወይ› ብላ ስትደውልልህ መልስህ ‹ማተሚያ ቤት ነኝ› ነበር። ለዚህችኛዋ ጊዜ ከየት መጣ?» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ በእርግጥም ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ጋዜጣ ሰው አይጠብቅም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ገባሁ። ለማሞቂያው ነው።

ብዙ ነገረችኝ። ጉልበቷን አሟታል። የጎረቤት የውሃ ታንከር ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል፤ ሰውየውን ብትነግረው «ጆሮሽን ድፈኚው» አላት። «ሰው ነው እሱ» አለች። «ኪ» አልኩ። ከዚያ፦

«መጋረጃህን አጠብኩት»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

በኋላ የታተመውን ንግግር ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩ። ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ «አመሰግናለሁ» ብሎ አያውቅም። የማይገባ ስሕተት ነው፣ ያውም ከእኔ። ከእንግዲህ «እሺ በቃ» ነው።

ማታ። «መጋረጃህን» የሚለውን እዚህ ጽፌ ሳየው ቆየሁ። የሻጩን ስልክ ቁጥር ከመሳቢያው አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። ልጁ ራሱ ይሆናል ድመቱን የሸጠልኝ፤ እናቱ ደግሞ አልነገራትም ይሆናል። ልጆች ስንቱን ነገር ለእናታቸው አይነግሩም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

«ድንጋዩን ሊተክሉት ነው ወንድምህ ነጭ ይሁን ይላል እኔ ግራጫ ነው ያልኩት አንተ የቱን ትወዳለህ»

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«አለህ»

«አለሁ»

«የቱን»

«ግራጫ» አልኩ።

ምን ድንጋይ እንደሆነ አልነገረችኝም። የወለል ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የደጃፍ ደረጃ። ሰው ቤት ያሳድሳል።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

የወለል ድንጋይ አይደለም።

ጠዋት ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር፤ ከኋላው ማሽን ይጮኻል። ወጣ ብሎ አናገረኝ።

«ድመቱ የማን ነበር?» አልኩት።

 «የታላቅ ወንድሜ» አለ።

«የት ነው እሱ?»

«የለም። ስምንት ወሩ፤ ሞተር ብስክሌት ላይ ነበር።» የጠየቅኩት ይመስል ማስረዳት ጀመረ። «እናቴ ናት ጋሼ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ድልድዩ ላይ እንደቆመ ቀርቷላ። ስልኳ ላይ አስጫነችው። አትጫወትም፤ ገብታ አጠገቡ ትቆማለች። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ስልክ ሲጠራ አታነሣም። እኔ አንድ ቀን አይቼው ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። ብሸጠው፣ ስሙም ቦታውም ቢቀየር፣ ባዶ ድልድይ ስታይ ይወጣላታል ብዬ ነው። በገንዘቡ አይደለም።»

«ገባኝ» አልኩት።

«አሁን ግን ባሰባት። ያናግረኛል ትላለች። የተጻፈውን አሳዪኝ ስላት የለም፤ ጨዋታው ለጀማሪ ንግግር አያስቀምጥም አሉኝ። የመቃብሩን ድንጋይ እንኳ ‹ወንድምህ ግራጫ ብሏል› ብላ አስቀየረችው።» መልሶ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ስሙን ቀይራችሁታል አይደል?»

እዚህ ላይ መጻፍ ያለብኝን እጽፋለሁ።

«አዎ» አልኩት።

«ይኸው! እኔም እሱን ነው የምላት፤ እዚያ ማንም የለም። ሰኞ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።»

«በርታ» አልኩት።

በርታ! ከዚህ ሌላ ቃል እንደጠፋ ሁሉ። አዎ ያልኩት አካውንቱ እንዳይታገድ ብዬ ነው። ቢያውቅ ለጨዋታው ባለቤቶች ሊያመለክት ይችላል፣ ሻንጣም ለገዢው ቃል ገብቷል። እንደዚህ ብዬ ራሴን ሳስረዳ ዋልኩ። በዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። መጣች። «ነጩ ቀረ» አለችኝ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

አልመጣችም። ሐኪም ቤት ናት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየሁ።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

«ኪኒን ሰጡኝ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ»

«ሐኪሙ ሴት ናት ጥሩ ልጅ ናት እሷም የለም አለችኝ አንተን»

ብዙ ነገር ጻፍኩና አጠፋሁ። «እኔ አራሚ ነኝ» ብዬ ጀምሬም አጠፋሁ።

«እሺ በቃ» አልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ በዘጠኝ ሰዓት አልገባም። ብተዋት ይሻላታል። በሌላ ሰዓት አሞቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

አምስተኛ ቀን። አልገባሁም። በድመቱ አልገባሁም ማለቴ ነው። ሌላ አካውንት አለኝ፤ በዚያ ገብቼ ከወንዙ ማዶ ሆኜ አያታለሁ። የተናገረችው ከራሷ በላይ ይንሳፈፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ለተኛው ድመት ነው የምትናገረው። የዛሬውን ገልብጫለሁ፦

«ወንድምህ አክስትህ ጋ ሊወስደኝ ነው ቅዳሜ»

«ስልኩን ትተሽው ነው የምትሄጂው አለኝ»

«እኔ ለራሴ አይደለም»

«ዓይኔ እያየ እብድ ናት ተባልኩ አንድ ጊዜ ብቻ ለሱ ንገረው እንደመለስክልኝ»

እትዬ ስፌቷን አቁማ በር ላይ ቆማ ነበር ለካ። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። የስፌት መኪናዋ ዝም ሲል እንኳ አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

ሁሉንም ለእትዬ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ አንዱን ጥቅል ክር ፈትታ ጨረሰች።

«እና ልጁን ምን አልከው?»

«ስሙን ቀይረነዋል አልኩት።»

«ቀይረኸዋል?»

«አልቀየርኩም።»

«ሴትዮዋ እንግዲህ ያየችውን ነው የተናገረችው።»

«ከነገርኳት እኮ ልጇን ድጋሚ ነው የምነጥቃት።»

«ወሬህን ተወው! ልጇን ሞተር ብስክሌት ነው የነጠቃት። አንተ የወሰድክባት ሌላ ነው። በገዛ ቤቷ ቃሏ እንዳይታመን አደረግክ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ለእሷ ብለህ ብቻ አይደለም የምትዘገየው። አውቅሃለሁ፤ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሻንጣ መልእክት ልኳል። ገዢው ቸኩሏል፤ ለሰኞ ካልሆነ ሌላ ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ዛሬ ሄድኩ። እንዳለ ልጽፈው።

ለልጁ ደውዬ አድራሻቸውን ስጠይቀው አካውንቱ የተበላሸ መስሎት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን እሱ ከፈተልኝ። መተላለፊያው ላይ በገመድ የታሰረ ሻንጣና አንድ የኪኒን ፌስታል ተቀምጧል። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ እናቱ ከጠረጴዛው ዳር ስልኳን በብርጭቆ አስደግፋ ተቀምጣለች። ትንሽ ሴት ናት። ድልድዩ ላይ ቁመታችን እኩል ስለነበር ይሆናል፣ ረጅም አድርጌ ነበር የማስባት።

«እናቴ፣ እኔ እባላለሁ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ቆሜ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነገርኳቸው። ከልጅዎ ገዛሁት። ለሌላ ሰው ልሸጠው ነበር። ስሙን አልቀየርኩም። ለልጅዎ ቀይረነዋል ብዬ ዋሸሁት። ዓይኑን የገለጥኩት እኔ ነኝ። የመለስኩልዎ ሁሉ እኔ ነኝ።

ልጁ ኮሌታዬን አነቀኝ። ጀርባዬ ከበሩ ጋር ሲጋጭ የሆነ ነገር ከመስቀያው ወደቀ። አልተከላከልኩም።

«ልቀቀው» አለች እናትየው። ልጁ አልሰማም። «ልቀቀው አልኩህ! እሱን ስታንቅ እኔን የማትሰማኝ ለምንድን ነው?»

ለቀቀኝ።

«ሰው አለ አላልኩህም?» አለችው። «መለሰልኝ አላልኩህም?»

«እማ...»

«እማ አትበለኝ! አክስትህን፣ ሐኪሟን፣ የታች ቤቷን ሴትዮ ሳይቀር ሰብስበህ ‹የለም› አሰኘኸኝ። በል ያንን ፌስታል አምጣው። አንዷን በውሃ አንተ ዋጣት፤ እንዴት እንደምታፈዝ ታየዋለህ።»

ልጁ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። እሷ ራሱን በመዳፏ ነካ አደረገችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ግራጫ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተተከለ እኮ።»

 በልቤ የያዝኩት ይቅርታ ረጅም ነበር፤ አንዱም ዓረፍተ ነገር አልወጣልኝም።

«እሱ መስሎሽ ነበር?» አላት ልጁ ከወለሉ ላይ። 

«እንጃ» አለች። «አንድ ቀን ይመስለኛል፣ አንድ ቀን አይመስለኝም። ‹አመሰግናለሁ› ያለኝ ቀን አልመሰለኝም። ግን ይመልስልኛል።» ከዚያ የያዝኩትን ቦርሳ አይታ፣ «እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አሳየኝ። ከእሱ በኩል ሆኜ አይቼ አላውቅም።»

ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ድመቱ ዓይኑን ገለጠ። በእሱ ዓይን ሲታይ ያለው በረዶ፣ የድልድዩ አጥር፣ አጠገቡ ደግሞ ግራጫ የለበሰው ጀማሪ ነው። እናትየው ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ተጠጋች።

«ያቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

ብዙ አየች። «ጀርባዬን ነው የሰጠሁት» አለች።

በስልኳ ላይ እይታዋን በጣቷ ታዞራለች፤ እሷ ስታየው ትውላለች፤ አካሏ ግን መጀመሪያ እንደቆመ ወንዙን እያየ ነው። አካሉን ማዞሪያው ሌላ እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እኔ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ንግግር በቀይ አስምሬያለሁ። ይህን ግን ሳየው ቆይቼ ቁም ነገር አልመሰለኝም ነበር።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነበርኩ?»

አይደለም ማለት ይቻል ነበር። ልጁም ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ አይደለም እንድል የፈለገ ይመስለኛል።

«አዎ» አልኩ። «ሁልጊዜ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንዴት ነው የሚዞረው?»

ከታች በግራ ያለችውን ክብ ተጭኖ መጎተት እንደሆነ አሳየኋት። ኪኒኑ ጣቷን ያንቀጠቅጠዋል። ሦስት ጊዜ ተጫነች፣ ሦስት ጊዜ ሳትዞር ወደ አጥሩ ተራመደች። ልጁ ተነሥቶ መጣና እጇን ከሥር ደገፈላት። በአራተኛው ዞረች። በእኔ ማያ ላይ ግራጫዋ ጀማሪ ፊቷን ወደ ድመቱ አደረገች። የተለየ ፊት አይደለም፤ ጨዋታው ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው ፊት ነው።

 የጎረቤት ታንከር ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«አሁን ሂድ» አለችኝ፣ ከማያው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ልጁ ከላይ በደረጃው ብረት ላይ ጎንበስ ብሎ ጠራኝ።

«ኮምፒውተርህን ረሳኸው።» ጋሼ አላለኝም።

«አልረሳሁትም። ይቆይላት።»

«ሌላ ሰው ሊገዛው ነው ብለህ አልነበር?»

«አልሸጠውም።»

«እና ነገ በዘጠኝ ሰዓት ገብታ ብትናገር፣ ማን ነው የሚመልስላት?»

እንደማላውቅ ነገርኩት።